ለማረፊያ ቤት ሠራተኞች የእንግሊዝኛ መነጋገሪያ ካርድ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

1ኛ ሳምንት፣ ከኅዳር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ

ታናሽ እህቴ በእንግዳ ተቀባይነት የምትሠራበት ማረፊያ ቤት ፒያሳ ውስጥ፣ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ብዙ ሳይርቅ የሚገኝ ሲሆን፣ 14 ክፍሎችና 6 ሠራተኞች አሉት፤ እነርሱም እህቴ፣ ሁለት የክፍል አጽጂዎች፣ አንድ አስተናጋጅ፣ አንዲት ምግብ አብሳይና በዕድሜ የገፉ አንድ ዘበኛ ናቸው። ከዘበኛው በቀር ሁሉም እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት ለዓመታት ተምረዋል፤ ግሥ ያረባሉ፣ አንብበው ይረዳሉ፤ እንግዳ ፊታቸው ሲቆም ግን ቃሉ ከአፋቸው አይወጣም። የገናና የጥምቀት እንግዶች ከመምጣታቸው በፊት ለስድስቱም በኪስ የሚያዝ የመነጋገሪያ ካርድ ለመሥራት ተነሥቻለሁ። እኔ የምሠራው አራት ኪሎ ባለ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ስለሆነ ማተሚያውም የላሚኔሽን ማሽኑም ቅርቤ ናቸው፤ ሒሳቡን ግን እንደማንኛውም ደንበኛ እከፍላለሁ።

በዚህ ሳምንት 240 ዐረፍተ ነገሮችን በርዕስ ከፋፍዬ ጻፍሁ፦ ሰላምታ፣ ቁጥር፣ ገበያ፣ ባንክ፣ ሐኪም ቤት፣ አየር ማረፊያ፣ የአየር ጠባይ። በአንድ ኤ4 ወረቀት 8 ካርድ ስለሚወጣ 30 ወረቀት ሆነ። በሁለቱም ገጽ ማተሚያው በወረቀት 12 ብር ሲታሰብ 360 ብር፣ ላሚኔሽኑ በወረቀት 30 ብር ሲታሰብ 900 ብር፣ በድምሩ 1,260 ብር ከፈልሁ። አንድም ሰው ሳይሞክረው ላሚኔት ማድረጌ የሥራው ትልቁ ስሕተት ነበር፤ ላሚኔት የተደረገ ካርድ በእርሳስ አይታረምም።

2ኛ ሳምንት

ካርዶቹን ሰጥቼ አምስት ቀን ጠበቅሁ። ከሰላምታው አልፎ ያገላበጠ አልነበረም። አስተናጋጁ ካርዱን መልሶ እየሰጠኝ፣ «ጥሩ ነው፤ ግን እኔ ባንክ ቤት ውስጥ ከፈረንጅ ጋር መቼ ልነጋገር ነው?» አለኝ። ልክ ነበር፤ እኔ የጻፍሁት ለተጓዡ የሚሆነውን እንጂ ተጓዡን ለሚቀበለው የሚሆነውን አልነበረም።

ስለዚህ ሦስት ቀን ወደ ሥራ ከመግባቴ በፊት፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል ድረስ፣ ደብተር ይዤ በቁርስ ቤቱ ጥግ ተቀመጥሁ። እንግሊዝኛውን ትቼ ሠራተኞቹ በሥራ ላይ ሳሉ ለአበሻ እንግዳ በአማርኛ የሚሉትን ብቻ መዘገብሁ። «ምን ልታዘዝ?»፣ «ስኳር ይጨመር?»፣ «መጣሁ»፣ «ክፍሉን አሁን ላጽዳ ወይስ ቆይቼ ልምጣ?»፣ «ውኃ ጠፍቷል፣ ትንሽ ይታገሱን»፣ «መብራት ሄዷል፣ አሁን ጀነሬተር ይነሣል»፣ «ቁልፉን እዚህ ይተዉት»። ከ240ዎቹ መካከል ከእነዚህ አንዱም አልነበረም።

በዚያው ቦታ ተቀምጬ ሳለ አንድ እንግዳ አስተናጋጁን በእጁ ጠራው፤ እርሱም ሦስት ሲኒ የተደረደረበት ትሪ እንደያዘ ከባንኮኒው ጀርባ «አይ ኬም!» ብሎ መለሰ። እንግዳው ቀና ብሎ አየው፣ አለመምጣቱን ተመልክቶ ግራ በመጋባት እጁን አወረደ። እኛ «መጣሁ» የምንለው ገና ልንመጣ ስንነሣ ነው፤ «በሉ ሄድሁ» ብለንም ከወንበር ሳንነሣ እንሰናበታለን። እንግሊዝኛ ግን በእንዲህ ያለ ቦታ ኃላፊውን ግሥ ለተፈጸመ ነገር ስለሚይዘው «አይም ካሚንግ» ወይም ይበልጥ በትሕትና «አይል ቢ ራይት ዊዝ ዩ» ማለት ያስፈልጋል። ይህን በሰዋስው ትምህርት ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ትሪ ከያዘ ሰው አፍ ሲወጣ ግን የመጀመሪያ ጊዜዬ ነበር።

«ምን ልታዘዝ?» የሚለውም ችግር ነበረበት። አስተናጋጁ በእንግሊዝኛ የሚለው «ዋት ዩ ዎንት?» ሲሆን፣ ይህ በእንግሊዝኛ ሰሚ ጆሮ ለጠብ የቀረበ ነው። በምትኩ «ዋት ካን አይ ጌት ዩ?» የሚለውን ያዝን። ቃል በቃል «ምን ላምጣልዎ?» ማለት ስለሆነ ከእኛው አባባል ብዙም አይርቅም፤ አስተናጋጁም በአንድ ጠዋት ያዘው።

3ኛ ሳምንት

ከደብተሩ 63 ዐረፍተ ነገሮችን መርጬ በተራ ወረቀት፣ ያለ ላሚኔሽን አተምሁ፤ 8 ወረቀት፣ 96 ብር። በ64ኛው ቦታ የሚሆን ስላላገኘሁ ባዶ ተውሁት።

ይህ ሳምንት አብዛኛውን ጊዜዬን የወሰደው በትሕትና ጉዳይ ነው። በአማርኛ አክብሮቱን የሚሸከመው «እርስዎ» ነው፤ እንግሊዝኛ ግን ለሕፃኑም ለሽማግሌውም አንድ «ዩ» ብቻ ስላለው አክብሮቱ ወደ ግሡ አጀማመር ይሄዳል። ሠራተኞቻችን «እባክዎ» በሚለው ልማድ «ፕሊስ ሲት»፣ «ፕሊስ ዌይት» ይላሉ፤ «ፕሊስ» ቢጨመርበትም ግን ትእዛዝነቱ አይለቅም። ስለዚህ ትእዛዝ የነበሩትን ሁሉ ወደ ጥያቄ ለወጥኋቸው፦ «ዉድ ዩ ላይክ ቱ ሲት ሂር?»፣ «ኩድ ዩ ዌይት አ ሞመንት፣ ፕሊስ?»። ቡና ሲቀርብ «ኢት፣ ኢት!» እያሉ ቆሎውን መግፋትም እንዲሁ ነው፤ «ብሉልን እንጂ» የሚለው ደግነት ሲተረጎም ግዴታ ይመስላል፤ «ፕሊስ፣ ሄልፕ ዩርሰልፍ» ተባለ።

ዘበኛው የሚወጣውን እንግዳ ሁሉ «ዌር ዩ ጎ?» ይሉታል። ለእርሳቸው «ወዴት ነው?» ሰላምታ ነው፤ መልሱንም አይጠብቁም። አንዳንዱ እንግዳ ግን ቁጥጥር መስሎት ይቆጣል። ለእርሳቸው «ጉድ ሞርኒንግ፣ ዱ ዩ ኒድ አ ታክሲ?» የሚል ካርድ ሠራሁ።

ነቢያት ጾም ኅዳር 15 ስለገባ የምግብ ካርዶቹን አብሬ አረምሁ። በብዙ ምግብ ቤቶች ዝርዝር ላይ እንደሚታየው «ፋስቲንግ ፉድ» ብዬ ጽፌ ነበር፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ግን «ፋስቲንግ» ሲባል ጨርሶ አለመብላት ስለሚመስለው «የማይበላ ምግብ» ዓይነት ነገር ይሆንበታል። አሁን ካርዱ «ኢትስ ቪጋን፦ ኖ ሚት፣ ኖ ሚልክ፣ ኖ ኤግስ» ይላል፤ በሁለተኛው መስመር ደግሞ ለሃይማኖት ጾም የተዘጋጀ መሆኑን ይገልጻል። በቤቱ በጾም ጊዜ ዓሣ ስለማይሠራ ነገሩ ቀላል ሆነልን።

4ኛ ሳምንት

በሙከራው የታየው ትልቁ ጉድለት ሌላ ነው። ሠራተኞቹ ጥያቄውን በደንብ ይጠይቃሉ፤ መልሱ ሲመጣ ግን ይጠፉበታል። ታላቋ የክፍል አጽጂ በ9 ቁጥር በር ቆማ፣ ካርዱ ላይ እንዳለው «ሜይ አይ ክሊን ዩር ሩም ናው?» አለች። እንግዳው «አይም ፋይን፣ ታንክስ» ብሎ መለሰ። እትዬ የደኅንነቱን መልካም ዜና በደስታ ሰምታ ባልዲዋን ይዛ ገባች። እርሱ ግን «አያስፈልገኝም» ማለቱ ነበር። በትምህርት ቤት «ሃው አር ዩ?» ሲባል «አይም ፋይን» ብለን በኅብረት ስንጮኽ ስላደግን ያ ሐረግ እምቢታም እንደሚሆን ማንም አልነገረንም።

ስለዚህ የካርዱን ጀርባ ለሁለት ከፈልሁት፤ በላይ የሠራተኛው ዐረፍተ ነገር፣ በታች ከእንግዳው ሊመጡ የሚችሉ ሁለት ወይም ሦስት መልሶች፣ አጠገባቸውም በአማርኛ «ግቢ» ወይም «ተመለሺ» የሚል ቃል። ለምሳሌ «ሹር፣ ጎ አሄድ» ሲል ግቢ፤ «ናት ናው» ወይም «አይም ፋይን» ሲል ተመለሺ። «ዱ ዩ ማይንድ ኢፍ አይ ኦፕን ዘ ዊንዶው?» ለሚለው «ኖ» ማለት «ክፈቺው» እንደሆነ ለማስረዳት አንድ ምሽት ሙሉ ፈጀብኝና በመጨረሻ ካርዱን አወጣሁት፤ በቦታው «ኢዝ ኢት ኦኬ ኢፍ አይ ኦፕን ዘ ዊንዶው?» ገባ፤ በዚህኛው «የስ» ፈቃድ ነው።

በአሉታ የሚጠየቅ ጥያቄ ግን ከእንግዳው ስለሚመጣ ልናወጣው አልቻልንም። «ሙቅ ውኃ የላችሁም?» ብሎ በእንግሊዝኛ ሲጠይቅ፣ እኛ በአማርኛ ልማድ «አዎ፣ የለንም» ለማለት «የስ» እንላለን፤ እንግዳው ደግሞ «አለ» ብለው ነገሩኝ ብሎ ፎጣውን ይዞ ይሄዳል። መፍትሔ ያደረግሁት «የስ»ንም «ኖ»ንም ብቻቸውን እንዳይሉ ማስለመድ ነው፦ «ዊ ሃቭ» ወይም «ዊ ዶንት ሃቭ» ብለው ግሡን ራሱን ይጥሩ። ምግብ አብሳይዋ ደግሞ አየር ወደ ውስጥ ስባ «አዎ» የምትልበት ልማድ አላት፤ አንድ እንግዳ ታማለች ብሎ ውኃ አቀረበላት። ለእንግዳ ሲሆን በራስ ንቅናቄ እንድታደርገው ተስማማን።

ድምፅ ቀረጻውን ኅዳር 23 ቀን ሰኞ አደረግሁ። ለወራት የተቀመጠች አንዲት እንግሊዛዊት መምህር በፈቃዷ ድምፅዋን ሰጠችን፤ በዚያ ቀን ያላት ነፃ ጊዜ ጠዋቱ ብቻ ነበር። ቀረጻው ሲጀመር የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ ተከፈተ፤ ዘበኛው በሩ ላይ ቆመው፣ «ልጄ፣ ዛሬ እኮ ጊዮርጊስ ነው» አሉኝ። ቀኑን አስቀድሜ ማየት ነበረብኝ። ኦዳሲቲ በተባለው የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም የጀርባ ድምፅ መቀነሻ ብሞክረውም መዝሙር እንደ ማሽን ጩኸት ወጥ ስላልሆነ አልወጣ አለ፤ ይባስ ብሎ የእርሷን ድምፅ ቆርቆሮ አስመሰለው። በማግስቱ ማታ በ3 ሰዓት፣ በፎጣ ማስቀመጫው ክፍል ውስጥ ብርድ ልብስ በሁለት ወገን ሰቅለን በስልክ እንደገና ቀረጽን፤ ጨርቁ ማስተጋባቱን ስለዋጠው ጥሩ ወጣ። እያንዳንዱን ሁለት ጊዜ አስባልኋት፤ አንዱን ቀስ ብላ፣ አንዱን በወትሮው ፍጥነት። በወትሮው ፍጥነት «ዉድ ዩ» የሚለው «ውጁ» ሆኖ ሲሰማ አጽጂዎቹ ያንን ቃል ከዚህ በፊት ስንት ጊዜ ሰምተው እንዳላወቁት ተገርመው ተያዩ።

5ኛ ሳምንት

አነባበቡን በፊደል መጻፍ። አማርኛ 7 አናባቢ አለው፤ እንግሊዝኛ ግን በተለመደው የብሪታንያ አነባበብ 20 ያህል አለው፤ ስለዚህ ፊደላችን ብቻውን አይበቃም። የበለጠ ያስቸገረኝ ሳድሱ ነው፤ አንዴ ያለ አናባቢ፣ አንዴ ከ«እ» ጋር ስለሚነበብ ዘበኛው «ስትሪት» የሚለውን «እስትሪት» ይሉታል፤ ታክሲ ረዳቱም ስታዲየምን «እስታዲየም» እያለ ነው የሚጠራው። ይህ ለመግባባት ስለማያሰናክል ተውሁት። «ዚስ» እና «ቲንክ» ውስጥ ያለውን ምላስ በጥርስ መካከል የሚያወጣ ድምፅም እንደዚሁ ለተቀረጸው ድምፅ ተውሁት።

የማይተዉ ሁለት ነገሮች ነበሩ። አንደኛው አንሶላ ነው፤ በእንግሊዝኛ ስሙ ውስጥ ያለው «ኢ» ረዝሞ ካልተነገረ ሌላ፣ ጸያፍ ቃል ይሆናል፤ አማርኛ ይህን ርዝመት ስለማይለይ ታናሿ አጽጂ ሳታውቀው ደጋግማ ትለዋለች። ማስረዘምን ከማለማመድ ይልቅ ቃሉን ለወጥሁት፤ «ቤድ ሊነን» ማንንም አያሳፍርም። ሁለተኛው ቁጥር ነው። «ፊፍቲን» እና «ፊፍቲ» የሚለዩት በዋናነት የድምፅ ክብደቱ በሚያርፍበት፣ ማለትም ጠንከር ተብሎ በሚነገረው ቦታ ሲሆን፣ ሒሳብ ላይ ስሕተቱ ገንዘብ ነው። ክብደት የሚያርፍበትን ፊደል አድምቄ አተምሁት፤ በተጨማሪም እህቴ ሒሳብ ስትናገር «ፊፍቲን፦ ዋን፣ ፋይቭ» ብላ አኃዙን ለየብቻ እንድትደግም አደረግን።

6ኛ ሳምንት

የሜሞሪ ካርድ ማስገቢያ ያለው አነስተኛ ስፒከር 1,400 ብር፣ 8 ጊጋ ባይት ካርድ 450 ብር። 63ቱን የኤምፒ3 ፋይሎች ከ01 እስከ 63 ሰይሜ ጫንሁ፤ ስፒከሩ ግን ከ17 ወደ 4፣ ከ4 ወደ 51 እየዘለለ አጫወተ። ሁለት ቀን ስሞቹን ስለዋውጥ ከቆየሁ በኋላ የተረዳሁት፣ እንዲህ ያለው ርካሽ ማጫወቻ የፋይሉን ስም ሳይሆን በካርዱ ላይ የተጻፈበትን ቅደም ተከተል እንደሚከተል ነው። ካርዱን ፎርማት አድርጌ (ያለውን ሁሉ አጥፍቼ ፋት32 በሚባለው የፋይል አደረጃጀት አዘጋጅቼ) ፋይሎቹን አንድ በአንድ በተራ ስገለብጥ ተስተካከለ።

ለክለሳ የጫማ ካርቶን በአምስት ከፋፍዬ ሣጥን ሠራሁ። አሠራሩ ጸሐፊው ሰባስቲያን ላይትነር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያስተዋወቀው ነው፦ ያወቁት ካርድ ወደሚቀጥለው ክፍል ያልፋል፣ የሳቱት ወደ መጀመሪያው ይመለሳል፤ የፊተኛው ክፍል በየቀኑ፣ የኋለኛው እየዘገየ ይታያል። ከቁርስ በኋላ ካለው ዕረፍት 10 ደቂቃ ብቻ ወሰድንበት። ታላቋ አጽጂ በቀን አንድ ካርድ እንኳ ወደ ኋላ መመለስ አትወድም፤ ካርዶቹን ወደ ቤት እየወሰደች ከልጇ ጋር ታጠናለች።

7ኛ ሳምንት

አንድ እንግዳ ማታ «ታክሲ፣ ቱሞሮው፣ ቱ ኦክሎክ» ብሎ ነግሮ ወጣ። ዘበኛው ካርዳቸውን በትክክል ተጠቅመው «የስ ሰር፣ ቱ ኦክሎክ» ብለው አረጋገጡ፤ ታክሲውም በማግስቱ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ መጣ። እንግዳው ያሰበው በእርሱ ቆጠራ ሁለት፣ በእኛ ከቀኑ 8 ሰዓት ስለነበር ከእንቅልፉ ተቀሰቀሰ፤ ባለ ታክሲውም ለከንቱ ምልልሱ 300 ብር ጠየቀና ከኪሴ ከፈልሁ። ጥፋቱ የእርሳቸው አይደለም፤ የሰዓት ካርዱን የጻፍሁት እኔ ነኝ፣ የስድስት ሰዓቱን ልዩነት ግን አልጻፍሁበትም ነበር።

ካርዱን በሁለት የሰዓት ሥዕል ተካሁት፤ በግራ የእኛ 8፣ በቀኝ የእነርሱ 2፤ ከሥሩም «ሞርኒንግ ኦር አፍተርኑን?» የሚል ጥያቄ። «ሌሊት 8 ሰዓት» ወደ አየር ማረፊያ ለሚሄዱት ደግሞ «ቱ ኤኤም፣ አት ናይት» የሚል ለብቻው ተሠራ። እህቴም በመቀበያው ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሰዓት ጎን ለጎን አኖረች። የክፍል መልቀቂያው ከቀኑ 6 ሰዓት መሆኑን «ትዌልቭ ኑን» ብላ እንጂ «ሲክስ» ብላ እንዳትናገር በቀይ ጻፍንላት።

8ኛና 9ኛ ሳምንት

የገና ሰሞን ስለሆነ 14ቱም ክፍሎች ሞልተዋል። የትኛው ካርድ እንደሚሠራ አሁን ይታያል። ከሁሉ የበለጠ የተነገሩት እኔ በመጨረሻ ያከልኋቸው ሦስቱ ናቸው፦ «ኩድ ዩ ስፒክ ስሎውሊ፣ ፕሊስ?»፣ «ዱ ዩ ሚን ዚስ ዋን?»፣ «ሌት ሚ ቼክ»። ከእንግዶቹ ብዙዎቹ ራሳቸው እንግሊዝኛን በትምህርት የተማሩ ናቸው፤ «ቀስ ብለው ይናገሩ» ሲባሉ ደስ ይላቸዋል እንጂ አይሰለቹም።

የአቅጣጫ ካርዶቹ ደካማ ነበሩ። «ቱርን ሌፍት» የሚለው የመንገድ ስም በማይጠራበት ከተማ ብዙ አይረዳም፤ እኛ መንገድ የምናሳየው በምልክት ነው። ምልክቶቹም በፒያሳ ተለውጠዋል፤ ዘበኛው ለዓመታት «ከዚያ ሱቅ ፊት ለፊት» የሚሉት ሱቅ በመልሶ ማልማቱ ፈርሷል። አሁን ካርዱ ቋሚ የሆኑትን ይዟል፦ ጊዮርጊስን፣ የምኒልክን ሐውልት፣ በየካቲት 2016 የተመረቀውን የዓድዋ ድል መታሰቢያ። ድንቅነሽን ለማየት ወደ ብሔራዊ ሙዚየም ለሚሄዱት «ጎ ቱ አራት ኪሎ፣ ዜን ቶዋርድ ስድስት ኪሎ» የሚል ሲሆን፣ የቦታዎቹ ስም በላቲን ፊደልም ስለተጻፈ እንግዳው ለባለ ታክሲው ለማሳየት ካርዱን በስልኩ ፎቶ ያነሣዋል። ይህን እኔ አላሰብሁትም፤ እንግዶቹ ራሳቸው ጀመሩት።

10ኛ ሳምንት፣ ከጥር 5 ቀን ጀምሮ

የታረመው ኅትመት ወጣ። ለስድስት ሰው 48 ወረቀት፦ ኅትመት 576 ብር፣ ላሚኔሽን 1,440 ብር፣ ካርዶቹን የሚያያይዝ ቀለበት 6 ሲሆን 240 ብር። ከመጀመሪያው ብክነት፣ ከሙከራው፣ ከስፒከሩና ከሜሞሪ ካርዱ ጋር 5,462 ብር፣ የታክሲው 300 ሲታከልበት 5,762 ብር ደርሷል። የላሚኔሽኑን ጠርዝ ከወረቀቱ ጋር እኩል መቁረጥ አይገባም፤ በመጀመሪያው ዙር እኩል ቆርጬው በአጽጂዎቹ እርጥብ እጅ ውኃ ገብቶበት ተላቅቋል። በዚህኛው ዙር 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ ፕላስቲክ ትቼለታለሁ።

ካርዱን ሳከፋፍል ዘበኛው የራሳቸውን አገላብጠው 64ኛው ባዶ መሆኑን አዩ።

«ይህ ለምንድን ነው?» አሉኝ።

«የሚጻፍ አጥቼለት ነው፣ ጋሼ።»

«እንግዳው ሻንጣውን ጭኖ ሲሄድ፣ በሰላም ያግባህ የሚባለው የታለ? እኔ እኮ በሩን ዝም ብዬ ነው የምከፍትለት።»

የመግቢያ ሰላምታ አራት ካርድ ሠርቼ፣ ለመሸኛ አንድም አላኖርሁም ነበር። ላሚኔት በሆነው ባዶ ካርድ ላይ በማይለቅ ማርከር «ሃቭ አ ሴፍ ጆርኒ» ብዬ ጻፍሁላቸው፤ «ሴፍ» ላይ ፊደሉን አደመቅሁት። መምህሯ የምትሄደው ከጥምቀት ማግስት ስለሆነ ድምፁን ከዚያ በፊት፣ ማታ ከ3 ሰዓት በኋላ በፎጣው ክፍል እንቀርጻለን።